«ናናውን አይንኩት» ስላላችሁኝ ሎሚ

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል
ሴንት ፖል፣ ሚኔሶታ

ጤና ይስጥልኝ።

ከናና ጋር በአንድ ማሰሮ የላካችሁልኝ የሎሚ ተክል ትዕዛዝ ታሪክ መዝገባችሁ ላይ አለ። አምስት ጊዜ ደውዬ ያስረዳሁትን አልደግመውም። ይህን የምጽፈው ባለፈው ሐሙስ በተነገረኝ ነገር ነው።

ሐሙስ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለሙያ መጥቶ ሎሚዬን እንደሚያይ ቃል ገባችሁልኝ። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ጠበቅኩ። ማንም አልመጣም። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አንድ ልጅ ደወለ። ቅጠሉ እየረገፈ መሆኑን ስነግረው ሳልጨርስ አቋረጠኝ። «እማማ፣ ናናውን ለምን አልነቀሉትም? የናና ሥር እኮ ማሰሮውን ይወርራል» አለኝ።

ይኸው ልጅ ነው በጥቅምት መጨረሻ የመለሰልኝ። መልእክቱ ስልኬ ላይ አለ። «ናናው ለብቻው ማሰሮ ላይ ቢሆን አይሻልም?» ብዬ ጽፌለት ነበር። «አይንኩት፤ ተባይ የሚያባርርልዎት እሱ ነው። ሎሚው ቢጎዳ እንቀይርልዎታለን» አለ። ባለሙያ ናቸው ብዬ ተውኩት።

ይህንኑ አነበብኩለት። ትንሽ ዝም ብሎ፣ «ለነገሩ ሚኔሶታ ውስጥ ሎሚ አይሆንም፤ ከሱቅ ቢገዙ ይሻልዎታል» አለኝ። ሎሚውን የሸጣችሁልኝ እኮ እናንተ ናችሁ! «ለብርድ አገር የሚሆን፣ ከነጓደኛ ተክሉ» ብላችሁ በአማርኛ አስተዋውቃችሁ ነው የገዛሁት።

ናና ሁልጊዜ እርጥበት ይፈልጋል። ሎሚ ደግሞ የላይኛው አፈር ደረቅ ሳይል ውሃ ከጠጣ ሥሩ ይበሰብሳል። በአንድ ማሰሮ ሁለቱን እንዴት ላጠጣ? ሂተሩ ቤቱን ሲያደርቀው ቀይ ሸረሪት የሚባለው ትንሽ ተባይ መጀመሪያ የታየው፣ ተባይ ያባርራል በተባለው ናና ላይ ነው። በሳምንቱ ሎሚው ላይ ደረሰ። እሁድ ዕለት ተክሉን ከማሰሮው አወጣሁት። የናናው ነጭ ሥር የሎሚውን ሥር ዙሪያውን እንደ ገመድ ጠምጥሞታል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አለቀስኩ። በዚህ ብርድ፣ ቤት ውስጥ ንብ ስለሌለ አበባውን በብሩሽ የነካካሁት እኔ ነኝ። ሦስት ፍሬ ይዞ ነበር። ሦስቱም ረግፈዋል።

ደግሞም ያዘዝኩት ከጤና አዳም ጋር ነበር። ጤና አዳም የሎሚ ዘመድ ነው፤ ብዙ ውሃም አይወድም። ቡናዬም ላይ ጣል አደርገው ነበር። አልቋል ብላችሁ ሳትጠይቁኝ በናና ተካችሁት። ሹፌራችሁም በሩን ሳያንኳኳ በረንዳ ላይ ትቶት ሄደ፤ ሌሊቱን በብርድ አደረ። ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲሆን ወደ ቤት ይግባ የሚለው ወረቀት ላዩ ላይ ተለጥፎ ነበር። የማሰሮው ቀዳዳ በላስቲክ ተደፍኗል። የማድረሻ 15 ዶላርም ሁለት ጊዜ ተቆርጦብኛል።

መጀመሪያ የጠየቅኩት ሎሚው እንዲቀየርልኝ ብቻ ነበር። አሁን የከፈልኩት 89 ዶላር በሙሉ፣ ያለአግባብ የተቆረጠው 15 ዶላርም ይመለስልኝ። ልጁ ራሱ ደውሎ ይቅርታ ይጠይቀኝ። ሎሚና ናና በአንድ ማሰሮ የሚለውን ማስታወቂያም አንሱት፤ ሌላ ሰው እንዳይጎዳ። በ10 ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘሁ መልእክቱንና የሥሩን ፎቶ ይዤ ለሚኔሶታ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ አመለክታለሁ።

ሎሚውን ለብቻው አዲስ አፈር ውስጥ ተክዬዋለሁ። ሁለት ቅጠል ቀርቶታል። ስትደውሉ ከማታ 12 ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ለእናንተ ብዬ ሌላ ፈቃድ አልወስድም።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ