አሮጌ ሶላር ላይ አዲስ ፓኔል ከመጨመራችሁ በፊት

ለውድ ደንበኞቻችን
ሐዋሳ

ጤና ይስጥልን!

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ ወደ ሱቃችን የምትመጡት በአንድ ጥያቄ ነው። ከዓመታት በፊት ያስገጠማችሁት ሶላር ለመብራትና ለቴሌቪዥን ይበቃ ነበር። አሁን ፍሪጅ ገብቷል። ልጆቹ ላፕቶፕ ይዘዋል። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ እንዲጠፋ አትፈልጉም። እና "አንድ ትልቅ ፓኔል ገዝቼ ካለው ላይ ልቀጥልበት?" ትሉናላችሁ። አንዳንዶቻችሁ የምትደውሉልን ደግሞ ፓኔሉን ገዝታችሁ ቤት ካስገባችሁ በኋላ ነው። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ገንዘባችሁ ከኪሳችሁ ሳይወጣ እንዲደርሳችሁ ብለን ነው።

ፓኔል ሲገዛ ሁሉም መጀመሪያ የሚያየው ዋቱን ነው። አሮጌው ላይ ለመጨመር ከሆነ ግን ዋቱ መጨረሻ ይታያል። ፓኔሉን ገልበጥ አድርጉና ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። ቪኤምፒ (Vmp) የሚለው ፓኔሉ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ የሚሰጠው ቮልት ነው፤ አይኤምፒ (Imp) ደግሞ አምፔሩ። አሮጌውና አዲሱ መስማማታቸው የሚታወቀው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ነው።

በቁጥር እንየው። ጣሪያችሁ ላይ አራት ባለ 250 ዋት ፓኔሎች በሲሪየስ፣ ማለትም የአንዱ ፕላስ ከሌላው ማይነስ እየተቀጠለ፣ ተያይዘዋል እንበል። እያንዳንዱ 30 ቮልትና 8.3 አምፔር ገደማ ይሰጣል። አሁን ገበያ ላይ የሚገኘው ባለ 550 ዋት ደግሞ 42 ቮልትና 13 አምፔር ገደማ አለው። አዲሱን ከአራቱ ጋር በሲሪየስ ብትቀጥሉት፣ በሁሉም ውስጥ የሚያልፈው አምፔር አንድ ስለሆነ አዲሱም ወደ 8.3 ይወርዳል። 42ን በ8.3 ብታባዙት 350 ዋት እንኳን አይሞላም። የከፈላችሁበት 200 ዋት ባክኖ ቀረ ማለት ነው። ጉልበተኛ በሬ ከደካማ ጋር ሲጠመድ የሚሄደው በደካማው እርምጃ ነው።

በፓራለል፣ ማለትም ፕላስ ከፕላስ ማይነስ ከማይነስ ቢያያዙስ? አምፔሩ ይደመራል፣ ቮልቱ ግን አንድ ይሆናል። ባለ 42 ቮልቱ ከአንድ ባለ 30 ቮልት ጋር ሲገናኝ ወደ 30 ይጎተትና 400 ዋት አካባቢ ይሰጣል። ከሲሪየሱ ይሻላል፤ ኪሳራነቱ ግን አልቀረም። ቮልታቸው የሚቀራረብ ከሆነ ግን፣ ዋታቸው ቢለያይም በፓራለል ማያያዝ ምንም ችግር የለውም። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም።

ኮንትሮለሩንም፣ ማለትም ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚሄደውን ቻርጅ የሚቆጣጠረውን ዕቃ፣ እዩት። ብዙ አሮጌ ገጠማዎች ላይ ያለው ፒደብሊውኤም የሚባለው ርካሹ ዓይነት ነው። የፓኔሉን ቮልት ባትሪው ወዳለበት ያወርደዋል፣ የቀረውን ግን ወደ አምፔር አይቀይረውም። በ12 ቮልት ባትሪ ላይ ያንን ባለ 550 ዋት ብትሰኩበት ከ180 ዋት ብዙም አታልፉም። ያውም ኮንትሮለሩ በቮልቱ ብዛት ካልተቃጠለ ነው።

የእኛ ምክር ይሄ ነው። አሮጌዎቹን እንዳሉ ተዉአቸው። ለአዲሶቹ ኤምፒፒቲ የሚባለውን፣ ትርፉን ቮልት ወደ አምፔር የሚቀይረውን ኮንትሮለር ለብቻ ግዙላቸው። ሁለቱ ኮንትሮለሮች አንድ ባትሪ ላይ ይገናኛሉ፤ የቻርጅ ቮልታቸውን አንድ ዓይነት አድርገን እናስተካክላለን። በዚህ መንገድ ማንም ማንንም አይጎትትም። ለኮንትሮለሩ የምታወጡት ብር ይቆጫችሁ ይሆናል፤ ግን በየቀኑ ከሚባክነው ዋት ይሻላል።

አዲሶቹን በሲሪየስ ስታስቀጥሉ ደግሞ የጠዋቱን ብርድ አትርሱ። ፓኔል ሲቀዘቅዝ ቮልቱ ይጨምራል። ባለ 550 ዋቱ ኃይል የሚወስድበት ነገር በሌለ ጊዜ 50 ቮልት ገደማ ስላለው፣ ሦስቱ ሲደመሩ 150 ይሆናሉ። ኮንትሮለራችሁ እስከ 150 ቮልት ብቻ የሚችል ከሆነ በአንድ ቀዝቃዛ ጠዋት ሊበላሽ ይችላል። ሁለት በሁለት ይሁኑ።

ባትሪውስ? አንድ ባለ 550 ዋት ፓኔል በኤምፒፒቲ ብቻውን 12 ቮልት ባትሪ ላይ 40 አምፔር ሊጠጋ ይችላል። ለአንድ ባለ 200 አምፔር ሰዓት ጄል ባትሪ ይህ የሚችለው ከፍተኛው የቻርጅ ልክ ነው። አሮጌዎቹ ሲደመሩበት ደግሞ ያልፋል። እንዲያውም ቀን በደንብ እየሠራ ማታ 3 ሰዓት ላይ ቀጥ የሚልባችሁ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የደከመው ባትሪው ነው። መጀመሪያ እሱ ይለካ።

ሐይቅ ዳር፣ በተለይ አሞራ ገደል አካባቢ ያላችሁ፣ ከሁሉም በፊት ጣሪያውን አስፈትሹ። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ኩስ ፓኔል ላይ ሲደርቅ እንደ ጥላ ነው። ጥቂት ሴሎችን ብቻ ቢሸፍን እንኳን የፓኔሉን ሲሶ ሊያጠፋ ይችላል። በማለዳ፣ ፓኔሉ ሳይግል፣ በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ይጠረግ። አሸዋና ብረት ሽቦ አይንካው። ሰውም አይርገጠው። ከታጠበ በኋላ መጨመሩ ራሱ ላያስፈልጋችሁ ይችላል፤ እኛም ሳንሸጥ ብንቀር ደስ ይለናል።

ለመግዛት ካሰባችሁ የፓኔሉን የጀርባ ወረቀት፣ ኮንትሮለሩንና ባትሪውን በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ሱቅ ይዛችሁ ኑ። ዕቃው ከእኛ የተገዛ ባይሆንም ሒሳቡን በነፃ እንሠራላችኋለን። እስከዚያው ግን ፀሐይ ላይ እየሠራ ያለ ፓኔል ማገናኛውን በእጃችሁ አትንቀሉ። ብልጭታው እጅ ያቃጥላል፣ እሳትም ያስነሳል።

ከአክብሮት ጋር
የሱቁ ቴክኒሻኖች