ስናስታምም ድረሱልን፦ ለክልሉ ሴቶች፣ ሕፃናትና ማህበራዊ ጉዳይ ቢሮ ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ክልል ሴቶች፣ ሕፃናትና ማህበራዊ ጉዳይ ቢሮ
ባሕር ዳር

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ይህን የምጽፈው ቤታቸው ውስጥ በሽተኛ ይዘው ስለተቀመጡ ሰዎች ነው። ስትሮክ የጣላት እናት፣ የመርሳት በሽታ የያዘው አባት፣ ከተወለደ ጀምሮ አንገቱ ያልጠና ልጅ ስለምናስታምም ሰዎች። ከሽምብጥ እስከ ዘንዘልማ፣ ከከተማው መሃል እስከ ዘጌ ብትጠይቁ በየሰፈሩ አንድ ሁለት ቤት አታጡም። ደመወዝ የለንም፣ ፈቃድ የለንም፣ ተራ ደርሶት የሚቀይረንም የለም።

እኛ አገር ለሞት ተደራጅተናል። ሰው ሲሞት ድንኳኑ ወዲያው ይቆማል። ዕድሩ ወንበሩንም፣ ሰሃኑንም፣ ብሩንም ይዞ ይደርሳል። እግዜር ይስጠው። ሕጉም ያው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቅርብ ዘመድ ለሞተበት ሠራተኛ 3 የሥራ ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል። ዘመዱ አልጋ ለያዘበት ግን ለይቶ የሰጠው ነገር የለም። ያለው ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲገጥም እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ መቅረት ነው፤ እሱም በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። ስትሮክ የመታውን ሰው በአምስት ቀን ማን አስነስቶ ያውቃል?

እኔ ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ መቀበያ ላይ እሠራ ነበር። እናቴ ስትወድቅ የዓመት ፈቃዴን ጨረስኩ። ቀጥሎ ያለ ደመወዝ የሚሰጠውን ወሰድኩ። ከዚያ በኋላ አለቃዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንግዲህ ውሳኔው ያንቺ ነው» አለኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሕጉ ከዚያ በላይ አያስገድደውም። ሥራውን ለቀቅኩ።

ማስታመም ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ራስጌ ተቀምጦ ሾርባ ማጉረስ ነው። ማጉረሱ ቀላሉ ነበር፣ እሱም ቢሆን ዘዴ አለው። አጥሚቱ ከቀጠነ እናቴን ትን ይላታል። ስለዚህ ወፈር አድርጌ፣ እሷን ቀና አድርጌ፣ በሻይ ማንኪያ ትንሽ በትንሽ ነው የምሰጣት። አንድ ስኒ ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ከባዱ ማገላበጡ ነው። ራሱን ማንቀሳቀስ የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ ካልተቀየረ ታፋውና ተረከዙ ይቆስላል፤ ሌሊትም ጭምር። ብቻዬን ስሆን አንሶላ አጥፌ ከሥሯ አስገባለሁ፣ ጉልበቴን አልጋው ላይ አስደግፌ አንሶላውን ወደ ራሴ እስባለሁ። ይህን ያስተማረችኝ ሆስፒታል ሳለን አጠገባችን የነበረች ሌላ አስታማሚ ናት። የፊዚዮቴራፒ ቀን ሲሆን ደግሞ ከሰፈር ሁለት ጎረምሳ ለምኖ ባጃጅ ላይ ማሳፈር፣ እዚያ ሲደረስ ሌላ ሁለት መለመን። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ግቢ አንሶላ ማጠቡ ለብቻው አንድ ሥራ ነው።

ጎረቤት «ጽድቅ እኮ ነው የያዝሽው» ይለኛል። አሜን። ግን ጽድቁ ቀርቶ በወጉ በኮነነኝ የሚያሰኝ ሌሊት አለ። ወንድሞች ደግሞ ከያሉበት እየደወሉ «በርቺ» ይላሉ። በርቺ ዳይፐር አይገዛም።

ወንድሞችን ያነሳሁት ለነገር አይደለም። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ያለ ክፍያ ከሚሠራው የእንክብካቤ ሥራ 76 በመቶ ያህሉን የሚሸከሙት ሴቶች ናቸው። እኛም ጋ ቢሆን ወንድምና እህት ባሉበት ቤት ሥራውን ማን እንደሚለቅ ሳይነገር የታወቀ ነው። ደብዳቤው ወደ እናንተ ቢሮ የመጣውም ለዚህ ነው።

ምንም የለም ብዬ አልዋሽም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን እንደሚረዳ ይላል። ከ2007 ጀምሮ የማህበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ አለን። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ሲሞከር ክልላችን ከጀማሪዎቹ አንዱ ነበር፤ ብዙ ሰው አትርፏል። መድህኑ ግን ሐኪም ቤት ላለው ነው። ዳይፐሩን፣ የቁስል መከላከያውን ፍራሽ፣ የባጃጁን ሂሳብ የሚያውቀው ቤተሰቡ ነው። ሴፍቲኔትም ቢሆን መሥራት ለማይችሉ ቀጥታ ድጋፍ አለው። ቤት ውስጥ ጤነኛ ጎልማሳ ካለች ግን ቤቱ የሚሠራ ሰው አለው ተብሎ ይታሰባል። አለው እንጂ! ቀንና ሌሊት ትሠራለች፤ ወጥታ መሥራት ብቻ ነው ያልቻለችው። የሰፈሬ አንዲት እናት ልጇን ክፍል ውስጥ ቆልፋበት ጉሊት ትወጣለች። ሰው ያማታል። ቁልፉን ሰብሮ ልጁን የሚጠብቅላት ግን አልተገኘም።

እንግዲህ ልመናችን። ከገንዘቡም በፊት እረፍት ነው የምንጠይቀው። በሳምንት ግማሽ ቀን። ባንክ ለመሄድ፣ ራሳችን ለመታከም፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ለመድረስ፣ ካልሆነም ለመተኛት። ለዚህ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፤ የሠለጠነ ሰው ነው የሚያስፈልገው። በየከተማው በሴፍቲኔት ታቅፈው መንገድ የሚጠርጉና ችግኝ የሚንከባከቡ ብዙ እናቶች አሉ። ከነሱ ውስጥ ፈቃደኛ የሆኑትን ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ማጉረስ አሠልጥኑና ሥራቸው እኛን መተካት ይሁን። የሚከፈላቸው ያው ክፍያ ነው። የትኛው ቤት በሽተኛ እንዳለ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ታውቃለች፤ ዝርዝሩን ከሷ ውሰዱ። ዕድሮችንም ጥሩ። ገንዘብ ያዥ አላቸው፣ አባል አላቸው፣ ለቀብር የሚጠራን ሰው ለማስታመም መጥራት አያቅታቸውም። እስካሁን የጠየቃቸው ግን የለም።

«ታዲያ ለምን ማዕከል አታስገቢያትም?» የሚለኝ አለ። መቄዶንያን የመሰሉ ማዕከላት የቆሙት ጧሪ ቀባሪ ላጣ ሰው ነው፤ የእናቴ ቦታ እዚያ አይደለም። ከቤቷ እንድትወጣ የጠየቀም የለም። እኔ ግማሽ ቀን ልውጣ ነው ያልኩት። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ ሲከፈት ማንም ልጅ ጣሉ አላለም። አዛውንት ቀን የሚውልበት ቤት ቢኖርም ያው ነው። እርግጥ አንድ የማይካድ ነገር አለ፦ በባዳ ሰው እጅ መታጠብ ለእናቶቻችን ያሳፍራል። እናቴ መጀመሪያ እሺ አትልም፤ አውቃታለሁ። ስለዚህ በየሳምንቱ ሌላ ሰው አትላኩ። አንድ ሰው ይለመድ፣ ሴት ለሴት ይሁን፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እኛም አብረን እንሁን።

ገንዘቡን በተመለከተ እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ያሉ አገሮች ጀምረውታል። ኬንያ ከባድ የአካል ጉዳት ያለበትን ሰው ለያዘ ቤተሰብ ጥሬ ገንዘብ ትሰጣለች። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ የጡረታ ዕድሜ ወይም የአካል ጉዳት ድጎማ የሚያገኝ ሰው ያለ ረዳት መኖር ካልቻለ በላዩ ላይ ለረዳቱ የሚሆን ጭማሪ አላት። ትንሽ ነው፤ ግን አስታማሚ መኖሩን መንግሥት አውቆታል። እናንተም ከዳይፐርና ከፍራሽ ጀምሩ።

በጀት ጠባብ መሆኑን አላጣሁትም። ክልሉ ያለበትን ሁኔታ የማያውቅ የለም። በግጭት የቆሰለውም ቢሆን ሆስፒታል ሲለቀው የሚታመመው እቤቱ ነው፤ የሚያስታምመውም ያው ሚስት፣ እናት ወይም እህት ናት። የሠራተኛ ሕጉ የፌዴራል መሆኑንም አውቃለሁ። የማስታመሚያ ፈቃድ ጉዳይ ወደ ላይ የሚሄድ ከሆነ ከእናንተ ደብዳቤ ጋር ይሂድ፤ የአንዲት ሴት ማመልከቻ ብቻውን ሩቅ አይደርስም።

በአንድ ክፍለ ከተማ፣ በጥቂት ቤቶች ሞክሩት። ካልሠራ ተዉት። ልታነጋግሩን ከፈለጋችሁ ከሰፈሬ የተወሰንን አስታማሚዎች ለመምጣት ተስማምተናል። ቀጠሮው ከሰዓት በኋላ ይሁንልን፣ ከሳምንት በፊትም አሳውቁን። በሽተኞቻችን ጋ የሚቀመጥ ሰው መፈለግ አለብን።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የባሕር ዳር ነዋሪ