የሙዚቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ማሲንቆ መስሎ የተሠራው ቤዝ

ክበባችን ዘንድሮም ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ተሰብስቧል፤ ቃለ ጉባኤው መዝገብ ላይ ስላለ ማየት ለሚፈልግ ክፍት ነው። «እነዚያ ጩኸት ብቻ ናቸው» ለሚሉን ባልደረቦች ግን ስለ ቤዝ ጊታራችን ጥቂት መናገር ይገባናል።

በወላጆች ቀን ያያችሁት ነው፤ ከዋንዛ የተሠራ፣ እንደ ማሲንቆ በአራት ማዕዘን የሾለ። ውበቱን ማንም አይክድም። ጣጣው ትከሻ ላይ ሲውል ነው። የተለመደው ቤዝ ከላይ በኩል ቀንድ (ከገላው ወደ አንገቱ የሚዘልቅ ሹል) ስላለው፣ የማንገቻው ቁልፍ (ማንገቻው የሚያዝበት ጉጥ) ከ12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት የብረት ዘንጎች አንዱ) ትይዩ አካባቢ ይውላል። አሜሪካዊው ጊታር ሠሪ ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣው ቤዝ ቀንዱ የረዘመው ለጌጥ አልነበረም። የእኛው ቀንድ የለውም፤ ቁልፉ 17ኛው ፍሬት ላይ ቀርቷል። ስለዚህ እጅ ሲለቁት አንገቱ ወደ መሬት ይደፋል። ግራ እጅ ክር መጫኑን ትቶ አንገት ደጋፊ ይሆናል፣ አንጓው ይታጠፋል፣ አውራ ጣት ይደነዝዛል። ተቀምጠው ሲይዙት ደግሞ የሾለው ታች ከጭን ላይ ይንሸራተታል።

መጀመሪያ ከኋላው ብረት አሰርንበት። አንገቱ ቆመ፤ ክብደቱ ግን ከ4.5 ወደ 5.2 ኪሎ ወጣና ትከሻ አሳመመ። ፈታነው።

በመጋቢት ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ወደሚገኙ ማሲንቆ ሠሪ በእግር ሄድን። ሰውየው ብዙ አልተናገሩም። ቤዙን ተቀብለው አንገቱ ሲደፋ አዩና የራሳቸውን ማሲንቆ ለአንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪያችን ሰጧት። ልጅቷ አናቱ ላይ ያለችውን አንዲት የእንጨት መቃኛ ነካች፤ ከዚያ የእኛን አራት የብረት መቃኛዎች በጣቷ ቆጠረች። «ጋሼ፣ የእኛው ጭንቅላቱ ነው የከበደው» አለች። ሽማግሌው ሳቁ። እኔ ግን ሦስት ወር ሙሉ ገላው ላይ ስንታገል መክረማችን ታሰበኝ።

ገላውን እንቦርቡረው ያሉም ነበሩ፤ ገላው ሲቀልል አንገቱ ይብስ ይደፋል። እኛ ግን ከዋንዛ ቀንድ ልንቀጥልለት ወሰንን፤ የነደፈችው ያችው ተማሪ ናት። የመጀመሪያው ቀንድ ብሎኑን ቀድመን ሳንበሳለት ስላስገባን ተሰነጠቀ። ሁለተኛው በኮላና በሁለት ብሎን ያዘ፤ ቁልፉ 11 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ተጠጋ። ክንድ የሚያርፍበትን ጠርዝ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስን፣ ታችኛውን ማዕዘን ለጭን ጎድጎድ አደረግነው። ማንገቻው 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቆዳ ነው፤ ሻካራው ወደ ትከሻ ስለሚዞር አይንሸራተትም። ርዝመቱን ተቀምጠን ስለለካን ቆመውም ተቀምጠውም ከፍታው አንድ ነው።

ልጅቷ አንግታ ሁለት እጇን ለቀቀች። አንገቱ ካለበት ንቅንቅ አላለም።

የቆዳውን ዋጋ ተማሪዎች ከኪሳቸው አዋጥተዋል፤ ለማሊያ በየዓመቱ በጀት የሚያገኘው ክበብ የትኛው እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የሚያስፈልገን ክብደታቸው የቀለለ አራት መቃኛዎችና፣ የአሁኑ ቤዝ የ86 ሴንቲ ሜትር ክር ለሚረዝምባቸው ትንንሽ ልጆች ክሩ 76 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ቤዝ ነው። ቫርኒሽ ስላጣንም ቀንዱ እስካሁን ሳይቀባ አለ።