አራት ቴስት እና ዜሮ ቴስት፦ ለደቡብ አፍሪካ የስፖርት፣ የኪነ ጥበብና የባህል ሚኒስትር ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሚኒስትር፣

ጆሃንስበርግ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ያለኝ ኢትዮጵያዊ ነኝ። ክሪኬትን ያወቅኩት እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ ነው። ልጅ ሆኜ ዱላና ኳስ አንድ ላይ ያየሁት በገና ጨዋታ ብቻ ነበር፤ አምስት ቀን ሙሉ የሚካሄድ ጨዋታ አለ ቢሉኝ አላምንም ነበር። ዛሬ ግን ቴስት፣ ማለትም አገር ከአገር የሚጋጠምበት ያ የአምስት ቀን ጨዋታ፣ ካለ የሱቄ ሬዲዮ አይዘጋም። ይህን በአማርኛ የጻፍኩት እዚህ ያሉ ወገኖቼም እንዲያነቡት ብዬ ነው፤ የእንግሊዝኛውን ቅጂ ለቢሮዎ እልካለሁ።

አገርዎ ውስጥ የክሪኬት ወሬ ከተነሳ የባሪ ሪቻርድስ ስም ሳይጠራ አይቀርም። ይገባዋልም። በፈረንጆቹ 1970 ለደቡብ አፍሪካ ሆኖ አውስትራሊያን በመግጠም አራት ቴስት ተጫወተ፤ 508 ራን አመጣ (የክሪኬት ውጤት የሚቆጠረው በራን ነው)፣ ሊመታ በገባ ቁጥር አማካዩ 72.57 ሆነ። ደርባን ላይ በመጀመሪያው ቀን ተጫዋቾቹ ለምሳ ሲወጡ እሱ ብቻውን 94 አድርሶ ነበር። በዚያው ጨዋታ የቡድን ጓደኛው ግሬም ፖሎክ 274 መታ። ደቡብ አፍሪካ አራቱንም ቴስት አሸነፈች። ከዚያ አለቀ፣ በቃ። ሪቻርድስ 24 ዓመቱ፣ ፖሎክ 26 ዓመቱ ነበር፤ ሁለቱም ሌላ ቴስት አልተጫወቱም። ሪቻርድስ በዚያው ዓመት መጨረሻ ፐርዝ ሄዶ ለአውስትራሊያው ክፍለ ግዛት ለሳውዝ አውስትራሊያ ሲጫወት በአንድ ቀን 325 መታ፣ በማግስቱ 356 አድርሶ ወጣ። የመቺዎች ሁሉ ታላቅ የሚባለው አውስትራሊያዊው ዶን ብራድማን ራሱ የምንጊዜም ምርጥ ቡድኑን ሲያወጣ ይህን የአራት ቴስት ሰው አስገብቶታል።

ችሎታው እያለ በአጭር የተቀጨ መቺ በየአገሩ አለ። የዌስት ኢንዲሱ (የካሪቢያን አገሮች ቡድን) አንዲ ጋንቶም በ1948 በመጀመሪያ ቴስቱ 112 መታ፤ ሁለተኛ ቴስት አልተጫወተም። የሕንዱ ቪኖድ ካምብሊ በሁለት ተከታታይ ቴስቶች ከ200 በላይ መትቶ፣ ነገሩ በ17 ቴስት አበቃ፤ ገና 23 ዓመቱ ነበር። እነዚህ ግን በቡድን መራጮች ውሳኔ የቀሩ ናቸው። የእናንተ አገር ልጆች የቀሩት መንግሥት ባወጣው ሕግ ነው።

ታሪኩን እርስዎ ያውቁታል፤ የምናገረው ለአገሬ ሰው ነው። ባሲል ዶሊቬራ የኬፕ ታውን ልጅ ነው። በአፓርታይድ አጠራር «ከለርድ» (ክልስ) ስለነበር ለአገሩ መጫወት አይችልም። ስለዚህ እንግሊዝ ላለው የክሪኬት ጋዜጠኛ ለጆን አርሎት በአረንጓዴ ቀለም ደብዳቤ ጻፈለት። ያ ደብዳቤ በ1960 ባሕር አሻገረው። ለእንግሊዝ የመጀመሪያ ቴስቱን ሲጫወት 1966 ደርሷል፤ ዕድሜው ሄዷል፣ እንዳይገፉት ብሎም ዕድሜውን ቀንሶ ይናገር ነበር። እንደዚያም ሆኖ 44 ቴስት ተጫወተ። በ1968 ለእንግሊዝ ተመርጦ ወደ ተወለደበት አገር ሊመጣ ሲል የደቡብ አፍሪካው ጠቅላይ ሚኒስትር ቮርስተር አይሆንም አሉ፤ ጉዞው ተሰረዘ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ደቡብ አፍሪካ ከቴስት ክሪኬት ውጭ ሆነች፤ እስከ 1991 በሩ ተዘጋ።

ማዕቀቡ ልክ ነበር ብዬ አምናለሁ። ማንዴላ በ1962 ለወታደራዊ ሥልጠና ኮልፌ የመጡባት አገር ልጅ ነኝ፤ ሌላ ነገር ልል አልችልም። ለሪቻርድስም አዝናለሁ። እሱና ጓደኞቹ በ1971 በኬፕ ታውኑ ኒውላንድስ ሜዳ ላይ አንድ ኳስ ብቻ ተጫውተው፣ ጥቁሮችም ይመረጡ ብለው ሜዳውን ጥለው መውጣታቸውን አልረሳሁም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ስለ አራቱ ቴስት ሃምሳ ዓመት ሙሉ ተለቀሰ። በቀለማቸው ታግደው ዜሮ ቴስት ስለተጫወቱትስ?

አንድ ደንበኛ አለኝ። ሰማንያዎቹን የያዘ ሽማግሌ ነው፤ ሁላችንም «አንክል» ነው የምንለው። ዳቦና ወተት ሊገዛ ይመጣና ሬዲዮው ላይ ክሪኬት ካለ ከሳጥን ላይ ተቀምጦ ይቀራል። አንድ ቀን በፌስታል የጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። የድሮ ክለባቸው የጨዋታ መዝገብ ነው፣ የ1960ዎቹ። ጀርባው በክር ተሰፍቷል፣ አንዱ ገጽ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ አርፎበታል። ሁሉም በእርሳስ ነው። ራን ያልመጣበት ኳስ ነጥብ፣ የመጣበት ቁጥር፣ ነጥብ፣ ነጥብ፣ 4፣ ነጥብ። በጣቱ እየተከተለ ኳስ በኳስ ነገረኝ። ሜዳቸው ሣር አልነበረውም፤ ጠጠር ላይ ምንጣፍ ዘርግተው ነበር የሚጫወቱት፣ ቅዳሜ ጠዋት ምንጣፉን ተሸክመው የሚሄዱትም እነሱው። አንድ ገጽ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። የእሱ መስመር ነው፤ መቶ አልፏል። «ልጄ» አለኝ፣ «ይህን ከእኛ ሌላ ያየው የለም።» ምን ልበለው? ሻይ ቀዳሁለት።

አንክል ሪቻርድስን ያህል ነበር አልልም። ማን ያውቃል? ክፋቱ እሱ ነው፣ እንዲታወቅ አልተፈቀደም። ደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያ ቴስቷን በ1889 ተጫወተች፤ ለእሷ ቴስት ላይ መቶ የመታ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ቴምባ ባቩማ ነው፣ በጥር 2016። በመሃል ያለፈው 126 ዓመት ነው። ያው ባቩማ አምበል ሆኖ በ2025 በለንደኑ ሎርድስ ሜዳ ላይ የዓለም ቴስት ሻምፒዮናን ሲያመጣ ሱቄ ውስጥ ሰው ከሰው ተቃቀፈ፤ አንክል ግን ባርኔጣውን አውልቆ ዝም ብሎ ነበር የቆመው።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ሰው ይላኩ። ከፎርድስበርግ፣ ከሌኔዥያ፣ ከሶዌቶ፣ ከኬፕ ታውንና ከደርባን ሰፈሮች እነዚህን መዝገቦች የሚሰበስብ፣ ገጽ በገጽ ፎቶ የሚያነሳ፣ ባለቤቶቹ በሕይወት እያሉ ድምፃቸውን የሚቀዳ ሰው። ቁጥሮቹ ማንም ሊያገኛቸው የሚችልበት ቦታ ይቀመጡ፣ ከሪቻርድስ 508 ጎን። አይቻልም እንዳይሉኝ፤ ነጭ ያልሆኑ ተጫዋቾች ይወዳደሩበት የነበረው የሆዋ ቦውል ጨዋታዎች ዘግይቶም ቢሆን የአንደኛ ደረጃ ጨዋታ ተብለው ተመዝግበዋል። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ጊዜ ግን የለውም። ባለፈው ክረምት አንክል ሁለት ሳምንት ሳይመጣ ቀርቶ ነበር፤ ሳል ይዞት ነው። ያኔ መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነው፣ ቀጥሎ ደብተሩን።

አሁን ተሽሎታል። ደብተሩ ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፣ በዚያው ፌስታል። የሚልኩት ሰው ወደ ሱቄ ቢመጣ እኔ ራሴ እወስደዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጆሃንስበርግ ባለሱቅ