የቤዝቦል ባትህ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው

ልጄ፣

በገና ዕለት ስለ ቤዝቦል የጀመርነው ክርክር እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። አጎትህ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብሎ ባያበርደው ኖሮ ዶሮው ገበታ ላይ ይቀዘቅዝ ነበር። አንተ ፒቸር፣ ኳስ ወርዋሪው፣ መምታት የለበትም ብለህ የልብህን ተናገርክ። እሱም መለሰልህ። እኔ ግን ከማድ ቤት እየተመላለስኩ ሐሳቤን ሳልጨርስ ቀረሁ። «ፒቸርም መምታት አለበት» አልኩ። «ማሚ፣ እሱ ድሮ ቀረ» አልከኝ። ነገሩ በዚያው አለቀ።

ለእኔ ግን አላለቀም። በስልክ ብነግርህ ታቋርጠኛለህ፤ ስለዚህ ጻፍኩት። አማርኛው ከከበደህ ጮክ ብለህ አንብበው። ዓይንህ ባያውቀው ጆሮህ ያውቀዋል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አድርጌልሃለሁ።

እኔ ቤዝቦልን የተማርኩት በእርሳስ ነው። ስምንት ዓመትህ ነበር። አሰልጣኛችሁ የጨዋታውን መዝገብ የሚይዝ ወላጅ ፈለገ። ሁሉም ስልኩን ማየት ጀመረ። እኔ ቀና ብዬ ስለነበር መዝገቡ እጄ ላይ ወደቀ። ከዚያ በፊት ስለዚህ ጨዋታ የማውቀው ረጅም መሆኑን ብቻ ነው። አጠገቤ የተቀመጠ የጓደኛህ አባት በትዕግሥት አስተማረኝ። ሜዳ ላይ ያለ ሁሉ ቁጥር አለው። ፒቸር 1፣ ካቸር (ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳሷን የሚቀበለው) 2፣ አንደኛ ቤዝ (ሯጩ የሚረግጠውን የመጀመሪያ ማረፊያ የሚጠብቀው) 3 እያለ እስከ ቀኝ ሜዳው 9 ድረስ ይሄዳል። ኳሷ ከማን ወደ ማን እንደሄደች በቁጥር ትጽፋለህ። አንተ 1 ነበርክ። ያቺን አንድ ቁጥር በጻፍኩ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር።

መዝገቡ ሱስ ሆነብኝ። ማታ ከሥራ ስገባ የዋሽንግተኑን ቡድን የናሽናልስን ጨዋታ በቴሌቪዥን እያየሁ መጻፍ ጀመርኩ። ናሽናልስ ከሞንትሪያል ወደ ዋሽንግተን የመጡት አንተ በተወለድክበት በ2005 ነው። ከተማዋ ከ1971 በኋላ ቡድን አልነበራትም። ከሁለቱ ትልልቅ ሊጎች ናሽናል ሊግ ውስጥ ስለነበሩ ያኔ ፒቸሩ ራሱ ይመታ ነበር። ዘጠኝ ሰው፣ ዘጠኝ ቁጥር፣ ዘጠኝ የመምታት ተራ። አንድ ቀን ግን የሌላው ሊግ፣ የአሜሪካን ሊግ፣ ቡድን ካለበት ከተማ ሄደው ሲጫወቱ አሰላለፉን ስጽፍ ለአንድ ሰው ቁጥር አጣሁለት። ይመታል፤ ሜዳ ግን አይገባም። በቁጥሩ ቦታ «ዲኤች» ተብሎ ይጻፋል፣ በፒቸሩ ምትክ የሚመታ ሰው ነው አላችሁኝ። ፒቸሩ ደግሞ ቁጥር አለው፤ ተራ የለውም። ዘጠኝ የነበረው ዐሥር ሆነ። ያን ቀን ደስ አላለኝም። አሁንም ደስ አይለኝም።

ይሄ ስሜት ነው፣ ማስረጃ አይደለም ትለኛለህ። እሺ። ከገና ወዲህ ቁጭ ብዬ አንብቤልሃለሁ።

የዲኤች ሕግ ዝም ብሎ አልመጣም። በ1968 ፒቸሮች ጨዋታውን አንቀው ያዙት። የሴንት ሉዊሱ ፒቸር ቦብ ጊብሰን በዘጠኝ ኢኒንግ፣ ማለት በአንድ ሙሉ ጨዋታ፣ በአማካይ የተቆጠረበት ነጥብ 1.12 ብቻ ነበር። በአሜሪካን ሊግ ከ.300 በላይ (ከዐሥር ሙከራ ከሦስት በላይ) መትቶ ዓመቱን የጨረሰው አንድ ሰው ነው፤ የቦስተኑ ካርል ያስትረምስኪ። እሱም .301። በሚቀጥለው ዓመት ፒቸሩ የሚቆምበትን ጉብታ ከ15 ኢንች ወደ 10 ኢንች ዝቅ አደረጉት። ለአሜሪካን ሊግ ይሄም አልበቃውም፤ ተመልካች ርቆት ነበር። የኦክላንዱ ባለቤት ቻርሊ ፊንሊ ከዋናዎቹ ገፋፊዎች አንዱ ሆነ። በጃንዋሪ 1973 ባለቤቶቹ 8 ለ 4 ድምፅ ሰጡና ዲኤች ገባ። ለሦስት ዓመት ሙከራ ነው የተባለው።

የመጀመሪያው ዲኤች የያንኪሱ ሮን ብሎምበርግ ነው። በዚያው ዓመት ኤፕሪል 6 ቦስተን ላይ ባት (መምቻውን ዱላ) ይዞ ቆመ። ሦስቱም ቤዝ ሰው ሞልቷል። ፒቸሩ አራት ቦል (ከመምቻው ክልል የወጣ ውርወራ) ጣለለትና ሳይመታ ወደ አንደኛ ቤዝ ተራመደ፤ አንድ ነጥብም ገባ። ለመምታት ብቻ የቆመው የመጀመሪያው ሰው ታሪክ ውስጥ የገባው ሳይመታ ነው። ይሄን ሳነብ ለብቻዬ ሳቅሁ።

ናሽናል ሊግ ግን አሻፈረኝ አለ። እኛ የምናውቀው ጨዋታ እንዲያ ቆየ። በ2020 በኮሮና ምክንያት ለአንድ ዓመት ገባ፣ በ2021 ወጣ፣ በ2022 ለሁሉም ጸደቀ። አንተ ያኔ ዐሥራ ሰባት ዓመትህ ነበር።

አሁን ወዳንተ ሦስት ነጥቦች ልምጣ። አልረሳኋቸውም።

አንደኛ፣ «ፒቸሮች መምታት አይችሉም» አልክ። እውነት ነው። በመጨረሻው ዓመት፣ በ2021፣ የፒቸሮች አማካይ .110 ነበር። ከመቶ ሙከራ ዐሥራ አንድ መሆኑ ነው። ግን ለምን? ብዙዎቹ ትናንሽ ሊጎች ውስጥ ሲያድጉ ዲኤች ስለነበር ዓመታት ባት ሳይነኩ ይቆያሉ። ከዚያ ትልቁ ሊግ ሲደርሱ በዓለም ላይ አሉ የተባሉ ፒቸሮች ፊት በ18 ሜትር ተኩል ርቀት ይቆማሉ። ሰውን ውሃ አታስነካውና ከዚያ ዋኝ በለው። የአንድን ልጅ እጅ አስሮ ከርሞ እጁ ደካማ ነው ማለት ፍርድ አይደለም።

ሁለተኛው ነጥብህ ፒቸር ሲመታ የሚደርስበት ጉዳት ነው። እዚህ ላይ ብዙ አልከራከርህም፤ እናት ነኝ። በ2015 የሴንት ሉዊሱ አዳም ዌንራይት መትቶ ሊሮጥ ሲነሳ የተረከዙ ጅማት ተበጠሰና አብዛኛውን ዓመት አጣ። አላየሁትም። ያየሁት የእኛውን ማክስ ሸርዘርን ነው። ታስታውሳለህ? ጁን 2019። ከጨዋታው በፊት ባንት (ኳሷን በባቱ ለስለስ አድርጎ መንካት) ሲለማመድ ኳሷ ከባቱ ነጥራ ፊቱ ላይ አረፈች። አፍንጫው ተሰበረ። በማግስቱ ማታ ከፊላዴልፊያ ጋር ጉብታው ላይ ወጣ። የቀኝ ዓይኑ ዙሪያ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ አብጧል። ካሜራው በቀረበ ቁጥር አንተ ወደ ቴሌቪዥኑ ትጠጋ ነበር። ሰባት ኢኒንግ ወረወረ። ዐሥር መቺ ሳያስመታ በስትራይክ አውት አሰናበተ። አንድም ነጥብ አልገባበትም። እኔ እርሳሱን ይዤ አለቀስኩ። አንተ በሚቀጥለው ቀን ጓሮ ውስጥ ባንት ስትለማመድ አገኘሁህ። «ፊትህን!» ብዬ ጮህኩ። የራስ ቁርህን አድርገህ ቀጠልክ። እንደዛሬ ቢሆን «ማሚ፣ ለምን አስፈለገ?» ትለኝ ነበር። ያን ቀን ግን አላልክም።

ሦስተኛው ነጥብህ፣ ያሸነፍነው በዲኤች ነው ያልከው፣ አንጀቴን የሚበላው ነው። በ2019 የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ በዋሽንግተን ሜዳ፣ ፒቸር በሚመታበት ሕግ፣ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፍን። በሂውስተን፣ በዲኤች፣ አራቱንም አሸነፍን። በሰባተኛው ጨዋታ በሰባተኛው ኢኒንግ 2 ለ 1 እየተመራን የቀኙን መስመር ምሰሶ የመታችውን ሆምራን (መቺውን ቤዞቹን ሁሉ አዙሮ ነጥብ የምታስገባ ምት) የመታው ሃዊ ኬንድሪክ ነው። ያን ቀን ዲኤች ነበር። ጎረቤት እስኪሰማ የጮህኩት እኔ ነኝ። ይሄን ልክድህ አልችልም።

ስለ ኬንድሪክ ግን አንድ ነገር ልጨምርልህ። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የተረከዝ ጅማቱ ተበጥሶ ወራት አጥቷል። ዲኤች ባይኖር ያን ማታ ሜዳ ላይ ሮጦ ኳስ መያዝም ነበረበት። እኔም ወገቤን ካመመኝ በኋላ ሥራ ቦታ ሰው የማላነሳበት ክፍል ተሰጥቶኝ ነው እስከዛሬ የምሠራው። እጄ ይሠራል፣ ጭንቅላቴ ይሠራል፣ ወገቤ ብቻ ነው የከዳኝ። ስለዚህ ዲኤች የሚባለው ቦታ ለማን እንደሚያገለግል በደንብ ይገባኛል። የሲያትሉ ኤድጋር ማርቲኔዝ በ2019፣ የቦስተኑ ዴቪድ ኦርቲዝ በ2022 ኩፐርስታውን ያለው የቤዝቦል ክብር መዝገብ የገቡት አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ዲኤች ሆነው ነው። ይገባቸዋል። እነሱን ማንም አይንካብኝ።

የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ሁለት ነገር ነው የጎደለብኝ።

አንዱ ያ የጭንቅ ሰዓት ነው። ስድስተኛ ኢኒንግ፣ 1 ለ 1፣ ሁለት አውት (አንድ ሰው ብቻ ቢወጣብን ተራችን ያልቃል)፣ ሁለተኛ ቤዝ ላይ የእኛ ሰው አለ። ስምንተኛው መቺ ይመጣል። ተጋጣሚው ሆን ብሎ በነፃ ያሳልፈዋል፤ ምክንያቱም ቀጥሎ ፒቸሩ ነው። ፒቸራችን ደግሞ ያን ማታ እሳት ነው። አሰልጣኙ ምን ያድርግ? ሌላ መቺ ቢያስገባ ምናልባት ነጥብ ያገኛል፤ ያ ፒቸር ግን አይመለስም። ቢተወው ዕድሉ ያልፋል። እኔ እርሳሴን አንስቼ እጠብቃለሁ። አንተ «ያወጣዋል» ትላለህ፣ እኔ «አያወጣውም» እላለሁ። ከዚያ ፒቸሩ የራስ ቁሩን አድርጎ ከወንበሩ ሲነሳ ስቴዲየሙ በሙሉ ይጮሃል። እኛም ሶፋው ላይ። አሁን ይሄ የለም። ጨዋታው ሰው የሚያስጨንቅ ምርጫ አንድ ቀነሰ። ነጥብ ጨመረ ይሉኛል። ይጨምር።

ደግሞም ፒቸሮቹ አንዳንዴ ይመቱ ነበር። በ2016 የሜትሱ ፒቸር ባርቶሎ ኮሎን፣ አርባ ሦስት ሊሞላው ቀናት ሲቀሩት፣ ሳንዲያጎ ላይ የመጀመሪያ ሆምራኑን መታ። ሲወዛወዝ የራስ ቁሩ የሚወድቅበት ያ ወፍራም ሰውዬ! ቀስ ብሎ ቤዞቹን ሲዞር ተንቀሳቃሽ ምስሉን ስንት ጊዜ እንዳየነው አንተ ታውቃለህ። አያትህ ሊጠይቁን የመጡ ጊዜ ይሄንኑ አሳየሃቸውና «ይሄ ገና አይደለም እንዴ?» አሉህ። ጥንጓን በዱላ እየመቱ ያደጉ ሰው ናቸው። ከዚያ የጠየቁህን እኔ አልረሳሁትም። ዲኤች ምን እንደሆነ ስታስረዳቸው «ታዲያ የዚያ ልጅ ዱላ የት ሄደ?» አሉ። በገና ዱላ የሌለው ተጫዋች የለም።

ሁለተኛው ጉድለት አንተ ነህ፣ አባቴ። ክርክሩን ያነሳሁትም ለዚህ ነው። ገና ማታ፣ ሁሉም ከሄደ በኋላ፣ ሳህን እያደራረቅክ «አሰልጣኙ መወርወር ላይ ብቻ አተኩር፣ ባቱን ተወው አለኝ» አልከኝ። ቀለል አድርገህ ነው ያልከው። «አሁን ማንም ፒቸር አይመታም» ብለህ ጨመርክ። ላይ ያለው ሕግ ታች እንዲህ ነው የሚወርደው። ትልቁ ሊግ ፒቸርን ከመምታት ሲያወጣ፣ ኮሌጁ ለምን ላለማምደው ይላል። ሁለተኛ ደረጃውም ከኮሌጁ ያያል። በመጨረሻ የዐሥር ዓመት ልጅን ወይ መወርወር ወይ መምታት ምረጥ ይሉታል። አንተ እኮ በሃያ ዓመትህ ነው የተጠየቅከው፤ ገና ምንህ ተነካና?

ሕጉ ራሱ እንኳ አይከለክልህም። ቡድን ከፈለገ ፒቸሩን ማስመታት ይችላል። በ2022 ለሾሄይ ኦታኒ፣ ለሚወረውረውም ለሚመታውም፣ ሲሉ የጨመሩትም አለ፤ የጀመረው ፒቸር ራሱን ዲኤች አድርጎ፣ ከጉብታው ቢወርድም መምታቱን መቀጠል ይችላል። ኦታኒ በ2024 ክርኑ ታክሞ መወርወር ባልቻለበት ዓመት ዲኤች ብቻ ሆኖ 54 ሆምራን መታ፣ 59 ቤዝ ሰረቀ (ሳይመታ ሮጦ ያዘ)። በኦክቶበር 2025 ደግሞ ከሚልዋኪ ጋር በአንድ ማታ ስድስት ኢኒንግ ነጥብ ሳይገባበት ወርውሮ፣ ዐሥር ሰው አሰናብቶ፣ ሦስት ሆምራን መታ። ያን ማታ መዝገቡ ላይ ከስሙ ጎን 1 ብዬ ጻፍኩ፣ ከጎኑ ደግሞ ዲኤች። ሁለቱ አንድ መስመር ላይ ሲያርፉ ያየሁት ደስ ብሎኝ ነው።

አንተ ኦታኒ አይደለህም። አውቃለሁ፤ እንዲያ ሁን አላልኩህም። አሰልጣኝህንም አትጣላ። ሥራውን ያውቃል፣ ትከሻህን ሊጠብቅልህ ፈልጎ ይሆናል። አንዴ ብቻ ጠይቀው። «ከልምምድ በኋላ በራሴ ሰዓት ብመታ ይፈቀዳል?» በለው። እምቢ ካለህ ምክንያቱን ስማና ንገረኝ። እሺ ካለህ ደግሞ ምታ። ጠይቀህ የተከለከልከውንና ሳትጠይቅ የተውከውን እኔ እለያቸዋለሁ፤ አንተም ወደፊት ትለያቸዋለህ።

ባትህ ቁም ሣጥን ውስጥ ከካፖርቶቹ ኋላ ነው። እጀታው ላይ የጠቀለልከው ጥቁር ፕላስተር መላላጥ ጀምሯል። ትናንት አውጥቼ ወለወልኩት። አጎትህ በሚቀጥለው ሳምንት በመኪና ወደዚያ ይመጣል። ልላከው ወይስ ይቀመጥ? በርበሬና ድርቆሽ ስለምልክልህ አንድ ላይ ማሰር አለብኝ። እስከ ሐሙስ ድረስ ንገረኝ።

እናትህ