ሰርቨሩ አገር ቤት ገባ፤ ውሉስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ክላውድ፣ ማለትም መዝገብንና ሶፍትዌርን በኢንተርኔት በኩል በሌላ ድርጅት ኮምፒውተር (ሰርቨር) ላይ አስቀምጦ ስለመጠቀም፣ በተነሳ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይቀድማል፤ «ዳታችን የት ነው የተቀመጠው?» የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አገር ውስጥ የተሰበሰበ የግል ዳታ እዚሁ ባለ ሰርቨር ወይም ዳታ ማዕከል እንዲቀመጥ ይላል። አይሲቲ ፓርክ ውስጥም የዳታ ማዕከላት ተገንብተዋል። ኢትዮ ቴሌኮምም ክላውድ ይሸጣል። እሰየው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ማንም የማያወራለት ውሉ ነው።

የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። የምሠራው ለትንንሽ አስመጪዎችና ለባለሱቆች ነው። ድሮ መዝገቡ ሁሉ ፒችትሪ የተባለ የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ፣ አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ነበር። አሁን ብዙዎቹ ደንበኞቼ በየወሩ በዶላር የሚከፈልበት የኦንላይን የሂሳብ አገልግሎት ይጠቀማሉ። ይመቻል፤ አልክድም። ባለሱቁ የዕለት ሽያጩን ስልኩ ላይ ያያል፤ እኔም ቤቴ ቁጭ ብዬ እሠራለሁ።

ባለፈው ጥቅምት፣ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች ማሳወቂያ ጊዜ ሊያልቅ ሲል፣ የአንድ አስመጪ ደንበኛዬ አካውንት ተዘጋ። የሚከፍልበት ካርድ ላይ የውጭ ምንዛሪው አልቆ ክፍያው ስላልሄደ ነው። ያልከፈለ ሰው አገልግሎት ቢቋረጥበት አይገርምም። የገረመኝ የራሱን መዝገብ እንኳ ማየት አለመቻሉ ነው። «አውርድ» የሚለውን ስንጫን የክፍያ ገጽ ይመጣል። ካርዱ ደግሞ አይሠራም። ለድጋፍ ክፍሉ ጻፍን፤ የመጣው የማሽን መልስ ነው፤ «እባክዎ የክፍያ መረጃዎን ያስተካክሉ።» እንደገና ጻፍን፣ ያው መልስ። በመጨረሻ ውጭ አገር ያለ ዘመዱ በራሱ ካርድ ከፈለለትና ተከፈተ። ያኔም ያገኘነው የፒዲኤፍ ክምር ነው። ፒዲኤፍ ለማየት ይሆናል እንጂ ሌላ ሶፍትዌር ውስጥ አይገባም። አስመጪው የዓመት መዝገቡን እንደ አዲስ በእጅ አስገባ።

ከዚያ ውሉን ቁጭ ብዬ አነበብኩት (ከእኔ በቀር ማን እንዳነበበው እንጃ)። ድርጅቱ ያለ ማስጠንቀቂያ አገልግሎቱን ማቋረጥ ይችላል። አካውንት ከተዘጋ በኋላ ዳታውን የማቆየት ግዴታ የለበትም። ክርክር ቢነሳ በውጭ አገር ሕግ፣ እዚያው አገር በግልግል ዳኝነት ይታያል። ለጥቂት ዶላር ወርሃዊ ክፍያ ማን ጠበቃ ይዞ ባሕር ይሻገራል? «እስማማለሁ» ያልነው ደግሞ ቀልድ አይደለም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ ውል ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቶታል።

አሁን ይህ ነጋዴ ወዴት ይሂድ? የግል ዳታ አዋጁ ሰው የራሱን ዳታ ተቀብሎ ወደ ሌላ አገልግሎት ማዛወር እንዲችል መብት ይሰጣል። ግን አዋጁ የሚጠብቀው የግለሰብን ዳታ ነው። የሱቅ ደረሰኝ፣ የዕቃ ቆጠራ፣ የዱቤ መዝገብ በአብዛኛው የግል ዳታ አይደለም። እሺ፣ የሸማቾች ጥበቃስ? አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው። ለንግዱ የገዛ አይካተትም። ትልቅ ባንክ ከሆንክ ጠበቆችህ ውሉን ተደራድረው ያስቀይራሉ። ግለሰብ ከሆንክ አዋጅ አለልህ። መሀል ላይ ያለው ትንሽ ነጋዴ ከሁለቱም የለበትም። የግብር ሕጉ ግን ይህንኑ ሰው ሰነዱን ለዓመታት እንዲያቆይ ያስገድደዋል። ኪራይ የዘገየበት አከራይ ቤቱን ከነዕቃው ቢቆልፍ ፍርድ ቤት እንሄድ ነበር።

«ሰርቨሩ እዚህ ከሆነ ሁሉም ይስተካከላል» ለሚሉ ደግሞ የማይክሮሶፍትን ጉዳይ ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ መርማሪዎች ደብሊን፣ አየርላንድ ባለ ሰርቨር ላይ የተቀመጠ ኢሜይል ፈለጉ። ማይክሮሶፍት «ዳታው አሜሪካ ውስጥ አይደለም» ብሎ ተከራከረ፤ በ2016 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፈረደለት። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ሳይወሰን፣ በ2018 ኮንግረሱ «ክላውድ አክት» የተባለውን ሕግ አወጣ። በሕጉ መሠረት፣ በአሜሪካ ሕግ ሥር ያለ አገልግሎት ሰጪ ዳታው በእጁ ወይም በቁጥጥሩ ሥር እስካለ ድረስ፣ በሕጋዊ ትዕዛዝ ሲጠየቅ ያስረክባል። ሰርቨሩ ደብሊን ይሁን ሌላ ቦታ ለውጥ የለውም። ስለዚህ የአሜሪካ ኩባንያ ነገ አዲስ አበባ ላይ ሰርቨር ቢተክል፣ የቦታው ጉዳይ ብቻውን አያድነንም። ቁልፉ ማን ጋር ነው? ውሉስ ምን ይላል? መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው። አገር በቀል ክላውድ ቢሆንም ጥያቄው አይቀርም፤ አገር ቤት ያለ ድርጅትም አካውንት መዝጋት ይችላል።

አውሮፓውያን ይህን ገብተውበታል። ከመስከረም 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት የዳታ ሕግ ከግለሰብ አልፎ ድርጅት ደንበኞችንም ያካትታል። ደንበኛው ልቀቅ ሲል የማስጠንቀቂያው ጊዜ ቢበዛ ሁለት ወር ነው። ወደ ሌላ አገልግሎት የሚዛወርበት የሽግግር ጊዜ ካበቃ በኋላም ዳታውን ለማውጣት ቢያንስ 30 ቀን ይሰጠዋል። ከጥር 2027 ጀምሮ ደግሞ ለመዛወር ክፍያ ማስከፈል ይከለከላል። ያን ሁሉ ቅዳልን አልልም፤ የሕጉን ውፍረት ላየ ሰው እኛ ጋ ማን ያስፈጽመዋል ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንና የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተነጋግረው፣ እዚህ አገር ለንግድ ድርጅት ክላውድ የሚሸጥ ሁሉ ውሉ ውስጥ የሚያስገባውን ዝቅተኛ ግዴታ ያውጡ። ክፍያ ሲቋረጥ አካውንቱ ወዲያው አይቆለፍ፤ ለተወሰነ ጊዜ ለማየትና ለማውረድ ብቻ ክፍት ይሁን። ዳታው በኤክሴል ወይም ሌላ ሶፍትዌር በሚያነበው መልክ ይውጣ። የውሉ ዋና ዋና ነጥቦች በአማርኛና በሌሎች የሥራ ቋንቋዎች ይቅረቡ። ውጭ ተቀምጠው በኦንላይን የሚሸጡትን መያዝ ይከብዳል፤ አውቃለሁ። እዚህ ፈቃድ አውጥተው ከሚሠሩትና ከወኪሎቻቸው ግን መጀመር ይቻላል። ለሌላው ጊዜያዊ መላ አለኝ፤ ደንበኞቼ በየወሩ መጨረሻ መዝገቡን በኤክሴል አውርደው ፍላሽ ላይ ካላስቀመጡ ሂሳባቸውን አልዘጋላቸውም ብያለሁ።

የሂሳብ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ