ማስታወቂያ ከሆነ ማስታወቂያ ነው ይባልልን

ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሥራ እንደሚበዛባችሁ ስለማውቅ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። የቴሌቪዥን የበዓል ፕሮግራም ታያላችሁ? ለክትትል ሥራ ማለቴ አይደለም፤ እንደማንኛውም ሰው፣ ከቤተሰብ ጋር ሶፋ ላይ ተቀምጣችሁ፣ ቡናው እየተፈላ።

ካያችሁ ታውቁታላችሁ። ሳሎኑ ቄጠማ ተጎዝጉዞበታል፣ እንግዳዋ የምንወዳት ተዋናይት ናት፣ ድፎ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጨዋታው ይደምቃል። ከዚያ አቅራቢዋ አንድ ጉርሻ ትጎርስና "ውይ፣ ይሄ ዶሮ እንዴት እንዲህ ጣፈጠ?" ትላለች። ካሜራው ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ወደተገተረው ባለ አምስት ሊትር ዘይት ይሄዳል፣ ስሙ ወደ እኛ ዞሯል። እስቲ ማን ነው በዓል ቀን ገበታ ላይ ከዶሮ ወጡ አጠገብ የዘይት ጄሪካን የሚያስቀምጠው? ቀጥሎ ስለ ልጅነት ትዝታ ይወራል፤ የእናት ነገር ሲነሳ እንባ ሁሉ ይመጣል። እንባው ሳይደርቅ ወሬው ወደ ባንክ ቁጠባ ይዞራል፣ ከቁጠባው ወደ አፓርታማ። በዚህ ሁሉ መሐል ስክሪኑ ላይ "ማስታወቂያ" የሚል ጽሑፍ የለም። ፕሮግራሙ ለማስታወቂያ አልተቋረጠም፣ ጨዋታው ራሱ ማስታወቂያ ሆኖ ነው ያለቀው።

ማስታወቂያ አይኑር እያልኩ አይደለም። ጣቢያ በአየር ብቻ አይኖርም፤ ሠራተኛ አለ፣ ስቱዲዮ አለ፣ በዶላር የሚከፈል የሳተላይት ኪራይ አለ። የቢራ ማስታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲወጣ ስንቱ ፕሮግራም ስፖንሰር አጥቶ እንደተንገዳገደ አይተናል። ያኔ "መዝናኛው ሁሉ ሊዘጋ ነው" ተብሎ ነበር። አልተዘጋም። ሲፈለግ ሕግ እንደሚሠራ በዚያው ገባኝ። ከዚያ በኋላ ግን ክፍት የሆነውን ቦታ ቤቲንግ፣ ሪል እስቴትና ባንኮች ያዙት፤ የስፖንሰሩ ስም ተቀየረ እንጂ አቅራቢው ሁሌም "በጣም እናመሰግናለን" እንዳለ ነው።

የሚያናድደኝ መደበቁ ነው። የራሴን እናት ልጥቀስ። እማዬ ማስታወቂያ ሲጀምር ብድግ ትላለች፤ ወጡን ታማስላለች፣ ስልክ ትደውላለች፣ እየተሸጠላት እንደሆነ በደንብ ታውቃለች። የምትወዳት ተዋናይት በወሬ መሐል "እኔ ቤቴ የምጠቀመው ይሄንን ነው" ስትል ግን አትነሳም። ያንን የምትሰማው እንደ ጎረቤት ምክር ነው። እኛ ሀገር ሰው የሚያምነው ሰውን ነው፤ ሐኪም ስንመርጥ፣ ቤት ሠራተኛ ስንፈልግ፣ መኪና ስንገዛ መጀመሪያ የምንጠይቀው "የምታውቀው ሰው አለ?" ብለን ነው። ድርጅቶቹም ይሄ ገብቷቸዋል፣ የሚከፍሉትም ለዚህ እምነት ነው።

ጣጣው በዘይት ቢያበቃ ባልጻፍኩ ነበር። የአክስቴ ልጅ ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች። እዚያም ሆና የሚያጽናናት የኛው ቴሌቪዥን ነው፤ በዓል ሲሆን ማታ ሥራዋን ጨርሳ በዩቲዩብ ታየዋለች። በአንዱ ፕሮግራም አንዲት ተዋናይት ስታወድሰው ያየችውን አፓርታማ ለመግዛት ያጠራቀመችውን ቅድመ ክፍያ ላከች። ቦታው ድረስ ሄጄ አይቻለሁ፤ እስካሁን ጉድጓድ ነው። ለምን እነሱን መረጥሽ ስላት ምን አለችኝ መሰላችሁ፦ "እሷ የማትኖርበትን ቤት ግዙ አትልም።" ተዋናይቷ ተከፍሏት እንደሆነ ማንም አልነገራትም። ማን ይንገራት?

ደግሞ ሌላም አለ። በገንዘብ ሊቆጠር አይችልም፣ ግን ኑሯችንን ቀስ እያለ የቀየረው እሱ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጅ ሲወለድ ገንፎ ይገነፋል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ አራሷ ትጠየቃለች። አሁን ከመወለዱ በፊት ቤቢ ሻወር አለ፣ ጀንደር ሪቪል (የፅንሱ ፆታ የሚገለጥበት ድግስ) አለ፣ ከተወለደ በኋላ ደግሞ በየዓመቱ ዲኮር ያለው ልደት። በሰው ደስታ ምን አገባኝ፣ ያምራልም። ግን ታዋቂ ሰዎች በሚለቁት ቪዲዮ ላይ ያለው ዲኮር በስፖንሰር፣ ኬኩ በስፖንሰር፣ ቀሚሱ በስፖንሰር፣ ፎቶው በስፖንሰር ሆኖ ሳለ የደሞዝ ሰው የሆነችው ተመልካች ያንን እንደ ተራ ኑሮ ነው የምታየው። እሷ የምትከፍለው ከዕቁቧ ነው። ያውም ብር ሐምሌ 2016 ላይ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ በኋላ ፊኛውም፣ ኬኩም፣ አዳራሹም ዋጋው ሌላ ሆኗል። ባልና ሚስት ሲጣሉበት ሰምቻለሁ፤ "እከሌ ለሚስቱ አደረገላት" እየተባለ። እከሌ ምንም አላደረገም እኮ፣ ያደረገው ድርጅቱ ነው!

የልጆቹማ ለብቻው ደብዳቤ ይወጣዋል። አበባየሆሽን ሴት ልጆች ከእናቶቻቸውና ከታላቅ እህቶቻቸው ነበር የሚማሩት። አሁን ነሐሴ ሲገባ ዜማው የሚሰማው ከሳሙናና ከሞባይል ጥቅል ማስታወቂያ ነው። አምና የሰፈራችን ልጆች ደጃችን መጥተው "ለምለም" ካሉ በኋላ የሳሙናውን ስም አስገብተው ሲዘፍኑ ሰማሁ። ስቄያለሁ፣ አልዋሽም። ብርም ሰጠኋቸው።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ አዲስ አዋጅ አውጡ ብዬ አይደለም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከሌላው ፕሮግራም በግልጽ ተለይቶ መታወቅ እንዳለበት ደንግጓል። አዋጁ አለ፣ ሥራ ላይ አውሉት ነው ነገሬ። የስፖንሰሩ ዕቃ በወሬ መሐል ሲገባ ስክሪኑ ላይ "ማስታወቂያ" የሚል ጽሑፍ ይውጣ፤ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ሳይሆን ወሬው እስኪያልቅ የሚቆይ። አቅራቢዋም በአፏ ትናገረው፣ ምክንያቱም ማንበብ የማይችሉ እናቶች አሉ፣ ሬዲዮም አለ። ቤትና ኢንቨስትመንት የሚሸጥ ሰው ደግሞ "ለዚህ ተከፍሎኛል" ይበል። ሁለት ቃል ናት። "ተመልካቹ ሞኝ አይደለም፣ ያውቀዋል" የሚሉ የሚዲያ ሰዎች አጋጥመውኛል። ጥሩ፣ ካወቀው መጻፉ ለምን ያስፈራል?

ቲክቶክን በተመለከተ ጠንቀቅ ብዬ ነው የምጽፈው። ማኅበራዊ ሚዲያውን ዝጉልን፣ ተቆጣጠሩልን አላልኩም፤ እኛ ሀገር በማስታወቂያ የተጀመረ ቁጥጥር በሐሳብ ላይ እንዳያርፍ እፈራለሁ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጁ (1185/2012) የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶችን እንድትከታተሉና ለሕዝብ ሪፖርት እንድታወጡ ኃላፊነት ሰጥቷችኋል። እግረ መንገዳችሁን የተከፈለበት ይዘት ተለይቶ እንዲታይ ጠይቋቸው። ቲክቶክ ራሱ ምልክቱ አለው፤ የኛዎቹ ቲክቶከሮች አይጫኑትም እንጂ። መጀመሪያ በቅጣት አትምጡ፣ ትልልቆቹን ጠርታችሁ አነጋግሩ። አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፣ እንዲህ ዓይነት ሕግ መኖሩን የነገራቸው ሰው ያለም አይመስለኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጣቢያዎችን የምትከታተሉበት ክፍል አላችሁ። ያገኘውን በየጣቢያው ስም ለሕዝብ አውጡልን፤ በዓል ሲያልፍ የትኛው ጣቢያ ማስታወቂያውን በግልጽ ለይቶ አቀረበ፣ የትኛው ደበቀ የሚል አንድ ገጽ ይበቃል። ከቅጣቱ ይልቅ ስማቸው መውጣቱን ይፈሩታል። እኛም የምናየውን እንመርጣለን።

የእንቁጣጣሽ ፕሮግራሞች የሚቀረጹት አዲሱ ዓመት ከመግባቱ ቀደም ብሎ ነው። ለጣቢያዎቹ ማሳሰቢያ የምትልኩ ከሆነ ሐምሌ ላይ ይድረሳቸው። ጳጉሜን ላይ ከሆነ ሁሉም ተቀርጾ፣ ስፖንሰሩም ከፍሎ አልቋል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ተመልካች፣ ከአዲስ አበባ